የምናድርበት ግዛት፣ የምንሠራበት ግዛት

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ሰው እናስብ። ቀን ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል። ሲመሽ ፖቶማክን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለው የሬገን አየር ማረፊያ ሁለተኛ ሥራውን ይገባል። በዚያ አካባቢ ለሚኖር ሐበሻ ይህ ተራ ኑሮ ነው፤ በአንድ ቀን ሦስት የግብር አስተዳደሮችን ሲረግጥ እንደሚውል ማንም ልብ አይለውም። ጃንዋሪ ሲያልቅ ግን ወረቀት ይመጣል። ከመኪና ማቆሚያው ድርጅት የተላከው ደብሊው-2፣ ማለትም የዓመቱ የደመወዝ ማስረጃ፣ ሳጥን 15 ላይ ዲሲ ይላል፤ ከአየር ማረፊያው የመጣው ቨርጂኒያ። ሰውየው የሚያድርባት፣ ልጆቹን የሚያስተምርባት፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣባት ሜሪላንድ ከአድራሻው መስመር በቀር በሁለቱም ወረቀት ላይ የለችም።

ግብሩን ለማን ነው የሚከፍለው? ለሜሪላንድ፤ ሁለቱንም ደመወዝ ደምሮ። ዲሲና ቨርጂኒያ የወሰዱትስ? ጠይቆ ያስመልሳል፤ ካልጠየቀ እዚያው ይቀራል። መልሱ ይኸው ነው። አስቸጋሪው ነገር ብዙ ሰው የዚህን ተቃራኒ በልቡ ይዞ መቆየቱ ነው። ታክስ የሚሠሩ ሰዎች ቢሮ በየዓመቱ ማርች ላይ የሚሰማው ክርክር ይህን ይመስላል፦

«ወንድሜ፣ ሜሪላንድ 3 ሺህ ዶላር ትፈልግብሃለች።»

«እንዴ! ዓመቱን ሙሉ ሲቆረጥብኝ አይደል እንዴ የኖረው?»

«የተቆረጠው ለቨርጂኒያ ነዋ!»

«ታዲያ ቨርጂኒያ ለሜሪላንድ አታስተላልፍላትም?»

አታስተላልፍም። አንዱ ግዛት በስህተት የተቀበለውን ግብር በሠራተኛው ስም ለጎረቤቱ የሚልክበት አሠራር የለም። ገንዘቡ የሚመለሰው ለሠራተኛው ነው፤ ያውም ሲጠይቅ። ለመኖሪያው ግዛት የሚከፍለውም ራሱ ሠራተኛው ነው፤ ያውም ተመላሹ እጁ ሳይገባ።

«ከተቆረጠ ከፈልኩ ማለት ነው» የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ መገመት አያቅትም። ኢትዮጵያ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ግብሩን አሠሪው ከደመወዙ ቀንሶ ያስገባለታል፤ ከዚያ ወዲያ ሠራተኛው ገቢዎች ደጅ የሚያደርሰው ጉዳይ የለውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 96 እና 97 የፌዴራል መንግሥቱን ሠራተኛ ግብር ለፌዴራል፣ የክልሉንና የግል ድርጅቱን ሠራተኛ ግብር ለክልል ቢያከፋፍልም፣ ተመኑ በተግባር አንድ ስለሆነ ገንዘቡ ወዴት እንደሄደ ባለ ደመወዙ አይሰማውም። አሜሪካ ውስጥ ግን ከየቼኩ የሚቀነሰው ገንዘብ ቀብድ ነው። ዋናው ሂሳብ የሚሠራው ዓመቱ ካለቀ በኋላ፣ ሠራተኛው ራሱ በሚያቀርበው የታክስ ማስታወቂያ ላይ ነው። አሠሪው ቀብዱን ለማን እንደሚልክ የሚያውቀው ሠራተኛው ሲቀጠር ከሞላው ቅጽ ነው፤ ቅጹ ካልተሞላ ሥራው ለሚሠራበት ግዛት ይልካል። ስለዚህ ሳጥን 15 የሚናገረው ገንዘቡ የት እንደተላከ ብቻ ነው። ለማን እንደሚገባ የሚወስነው ሕጉ ነው።

ሁለት ባለመብቶች

ሕጉ ለምን እንዲህ እንደተወሳሰበ ለመረዳት ጥቂት ወደኋላ እንሂድ። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በግዛት ደረጃ የገቢ ግብርን በዘመናዊ መልኩ በሥራ ላይ በማዋል ቀዳሚዋ ዊስኮንሰን ናት፤ ዓመቱም 1911 ነበር። ኒው ዮርክ በ1919 ተከተለች። ወዲያው ጥያቄ ተነሣ፦ ግዛት ነዋሪዋ ባልሆነ ሰው ላይ ግብር መጣል ትችላለች? ቺካጎ የሚኖር አንድ የነዳጅ ነጋዴ ኦክላሆማ ውስጥ ካሉት ጉድጓዶች ላገኘው ገቢ ኦክላሆማ ግብር ስትጠይቀው አልከፍልም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟገተ። ፍርድ ቤቱ በ1920 ገቢው የተገኘባት ግዛት ድርሻዋን መጠየቅ ትችላለች ብሎ ፈረደበት። በዚያው ቀን በተሰጠ ሌላ ውሳኔ ግን ኒው ዮርክ ለነዋሪዎቿ የምትሰጠውን የግል ቅናሽ ከኮነቲከትና ከኒው ጀርሲ እየተመላለሱ ለሚሠሩ ሰዎች መንፈጓ ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው ተባለ። ግብር መጣል ይቻላል፤ ባዳን ለይቶ መጉዳት አይቻልም።

እንግዲህ አንድ ደመወዝ ላይ ሁለት ባለመብቶች አሉ ማለት ነው። የሚኖሩበት ግዛት ነዋሪዬ ነህ ብሎ በየትም ቦታ የተገኘውን ገቢ ሁሉ ይቆጥራል። የሚሠሩበት ግዛት ደግሞ ገንዘቡ የተገኘው በእኔ መሬት ነው ይላል። ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ቢያስከፍሉ ማንም ድንበር ተሻግሮ አይሠራም ነበር። ይህ እንዳይሆን ከሁለት አንዱ መንገድ ይመረጣል፦ ወይ የሥራ ቦታው ግዛት መብቱን ይተዋል፣ ወይ የመኖሪያው ግዛት ሌላ ቦታ የተከፈለውን ግብር ያቀናንሳል። የፌዴራሉ መንግሥት በዚህ ክርክር ውስጥ የለበትም። ለእሱ ደመወዙ በደብሊው-2 ሳጥን 1 ላይ የተጻፈው ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ይቆጠራል፤ በየትኛው ግዛት ተሠራ ብሎ አይጠይቅም።

ፖቶማክ ዳርና ዳር

የዋሽንግተን አካባቢ የመጀመሪያውን መንገድ የመረጠ ነው። እዚህ የሥራ ቦታው ግዛት እጁን ይሰበስባል፤ የሚሰበስብበት ምክንያት ግን በዲሲ አንድ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ሌላ ነው።

ዲሲ ወዳ አይደለም። ኮንግረሱ በ1973 ለከተማዋ የራሷን ከንቲባና ምክር ቤት የመምረጥ መብት ሲሰጣት፣ በዚያው ሕግ ውስጥ ነዋሪዎቿ ባልሆኑ ሰዎች የግል ገቢ ላይ ግብር እንዳትጥል ከለከላት። በከተማዋ ከሚሠራው ሰው አብዛኛው ማታ ወደ ሜሪላንድ ወይም ወደ ቨርጂኒያ የሚመለስ ነው፤ የሁለቱ ግዛቶች ተወካዮች ኮንግረስ ውስጥ ድምፅ አላቸው፣ የዲሲ ተወካይ ግን ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አትሰጥም። የዲሲ ወገኖች ክልከላው ይነሳ ብለው ፍርድ ቤት ሄደው ነበር፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2005 ውድቅ አደረገባቸው። እኔ ዲሲ ብኖር ይህ ሕግ ያንገበግበኝ ነበር። ሜሪላንድ ለሚኖር ሠራተኛ ግን ነገሩን ቀላል ያደርግለታል፦ የዲሲ ነዋሪ ካልሆነ ደመወዙ ላይ ዲሲ ምንም ድርሻ የላትም። ይህ የጎረቤቶች ብቻ ጥቅም አይደለም፤ ከዴላዌር እየተመላለሰ ዲሲ የሚሠራም እኩል ነጻ ነው።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ግን በስምምነት ነው የተሳሰሩት። አንዱ የሌላውን ነዋሪ ደመወዝ ላለመንካት ቃል ተገባብተዋል። ሜሪላንድ እንዲህ ያለ ስምምነት ያላት ከዲሲ፣ ከቨርጂኒያ፣ ከዌስት ቨርጂኒያና ከፔንሲልቬኒያ ጋር ነው። ቨርጂኒያ በእነዚሁ ላይ ኬንታኪን ትጨምራለች። ዴላዌር የሜሪላንድ የቅርብ ጎረቤት ብትሆንም በስምምነቱ ውስጥ የለችም፤ ስለዚህ ወደ ፊላደልፊያ በሚወስደው መንገድ የሚኖሩ የሜሪላንድ ሰዎች ዴላዌር ውስጥ ዊልሚንግተን ሄደው ሲሠሩ ሌላ ሕግ ይጠብቃቸዋል፤ ኋላ እንደርስበታለን።

ስምምነቱ በራሱ ጊዜ አይሠራም። አሠሪው የሠራተኛው ቤት የት እንደሆነ በሕግ ፊት የሚታይ ወረቀት ይፈልጋል። ዲሲ የሚሠራ ሰው ዲ-4ኤ የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ ነዋሪ አለመሆኑን ያሳውቃል። ቨርጂኒያ የሚሠራው ቪኤ-4ን፣ ሜሪላንድ የሚሠራው ደግሞ ኤምደብሊው 507ን ይሞላል። እያንዳንዱ አጭር ቅጽ ነው፤ ዋጋው ግን ሺህ ዶላሮች ነው። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የሚቀጠረው ሰው ብቻ አይደለም፤ የትንሽ ሬስቶራንት ባለቤት ወይም በሌላ ግዛት የተቀመጠ የፔይሮል ድርጅት ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት ቅጽ አስፈርሞ ያልፋል። ሠራተኛው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ከሚሰጡት የወረቀት ክምር ውስጥ የትኛው ምን እንደሆነ ሳያይ ይፈርማል። መፍትሔው የመጀመሪያው ቼክ ሲመጣ የግዛቱን ስም ማየት ነው። ቼኩ ላይ የተጻፈው ግዛት የሚያድሩበት ካልሆነ፣ በዚያው ሳምንት ፔይሮል ክፍሉን አነጋግሮ ቅጹን መሙላት ይገባል። አድራሻ ሲቀየርም እንዲሁ። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የተዛወረ ሰው ለዘመድ፣ ለባንክና ለፖስታ ቤት ይናገርና ፔይሮልን ይረሳል።

አንዳንድ አሠሪ ግን የሜሪላንድን ግብር ለመቁረጥ ፈቃደኛ አይሆንም፤ ሜሪላንድ ውስጥ ምንም ሥራ ከሌለው ግዴታም ላይኖርበት ይችላል። በዚህ ጊዜ ለዲሲ ወይም ለቨርጂኒያ መቆረጡን ማስቆም ይቻላል፤ የሜሪላንዱ ግን በሠራተኛው ራስ ላይ ይወድቃል። በዓመቱ መጨረሻ ከ500 ዶላር በላይ ዕዳ የሚጠብቀው ሰው በየሩብ ዓመቱ፣ ማለትም በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በቀጣዩ ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ግምቱን እየከፈለ መሄድ አለበት። አለዚያ በግብሩ ላይ ወለድ ይታከልበታል። በየወሩ ገንዘቡ እጁ ገብቶ «ዘንድሮ ቼኬ ወፈረ» እያለ ሲያጠፋ የከረመ ሰው ኤፕሪል ላይ የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

ነገሩ አልፎ ዓመቱ ከተዘጋስ? የእኛ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ሦስት ወረቀት ያስገባል። ለዲሲ ነዋሪ ያልሆኑ ሰዎች ተመላሽ የሚጠይቁበትን ዲ-40ቢ፣ ለቨርጂኒያ በስምምነቱ የተሸፈኑ ሰዎች የተቆረጠባቸውን የሚያስመልሱበትን 763-ኤስ፣ ለሜሪላንድ ደግሞ ሁለቱንም ደመወዝ የያዘውን ዋናውን ቅጽ 502። በተቃራኒው ቨርጂኒያ እየኖረ ሜሪላንድ የተቆረጠበት ሰው በቅጽ 505 ያስመልሳል። እዚህ ላይ ከልምድ የመጣ አንድ ምክር አለኝ፦ ተመላሽ የሚጠየቅባቸውን ቅጾች ደብሊው-2 እንደደረሰ ማስገባት ነው። ሜሪላንድና ዲሲ ኤፕሪል 15፣ ቨርጂኒያ ሜይ 1 የመጨረሻ ቀን አላቸው፤ ሜሪላንድ ገንዘቧን የምትጠብቀው ኤፕሪል 15 ነው፣ የቨርጂኒያ ተመላሽ ይምጣ አይምጣ ግድ የላትም። ፌብሩዋሪ ላይ የጠየቀ ሰው ከቨርጂኒያ የሚመጣውን ይዞ ለሜሪላንድ የመክፈል ዕድል አለው።

ሁለቱ ሂሳቦች እኩል አይሆኑም። ቨርጂኒያ ከ17 ሺህ ዶላር በላይ ባለው ገቢ ላይ 5.75 በመቶ ትወስዳለች። ሜሪላንድ ለብዙው ሠራተኛ 4.75 በመቶ ብትጠይቅም በላዩ የካውንቲ ግብር አለ፤ ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች በ2024 እያንዳንዳቸው 3.2 በመቶ ያስከፍሉ ነበር። ስለዚህ ከቨርጂኒያ የሚመለሰው ገንዘብ የሜሪላንድን ዕዳ ብዙ ጊዜ አይሸፍንም።

እዚህ አካባቢ የማየው ሌላው ስህተት ከዚህ የባሰ ነው። ታክሱን በኮምፒውተር ፕሮግራም ራሱ የሚሠራ ሰው «ለሌላ ግዛት የተከፈለ ግብር» የሚል ጥያቄ ሲመጣለት ለግዛት የተቆረጠው ከተጻፈበት ከሳጥን 17 ላይ የቨርጂኒያን ቁጥር ገልብጦ ይጽፋል። ሜሪላንድ ታካክስልኛለች ብሎ ነው። አታካክስም። በስምምነቱ መሠረት ቨርጂኒያ በዚህ ደመወዝ ላይ መብት ስለሌላት የተቆረጠው በስህተት የሄደ ገንዘብ ነው፤ ለቨርጂኒያ የተከፈለ ግብር አይባልም። ሜሪላንድ ከአንድና ከሁለት ዓመት በኋላ ደብዳቤ ትልክና ሙሉ ዕዳውን ከነወለዱ ትጠይቃለች።

ስምምነቱ ደመወዝን እንጂ ሁሉን ገቢ እንደማይሸፍንም ልብ ይሏል። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቤት የሚያከራይ ወይም ምግብ ቤት የከፈተ ሰው ለቨርጂኒያ ነዋሪ ያልሆነ ሰው የሚያስገባውን ሙሉ ማስታወቂያ ያቀርባል። ኡበር የሚነዳና 1099 የሚቀበል ሰውም ተቀጣሪ አይደለምና ስምምነቱ አይሸፍነውም። ዲሲ ደግሞ በግል ገቢ ባትመጣ በንግድ ግብር የምትመጣበት የራሷ መንገድ አላት፤ እሱን ከዚህ ጋር ቀላቅሎ መናገር ሁለቱንም ማበላሸት ስለሚሆን እዚህ አልገባበትም።

ስምምነት በሌለበት

ከዋሽንግተን ወጣ ስንል ሁለተኛው መንገድ ይመጣል። ኒው ጀርሲ እየኖረ ኒው ዮርክ የሚሠራ፣ ካንሳስ እየኖረ ሚዙሪ የሚሠራ፣ ሜሪላንድ እየኖረ ዴላዌር የሚሠራ፤ ለእነዚህ ሁሉ የሥራ ቦታው ግዛት መጀመሪያ ይወስዳል፣ የመኖሪያው ግዛት ክሬዲት ይሰጣል። ስምምነትም ዘላለማዊ አይደለም። ሚኔሶታና ዊስኮንሰን ለአሥርተ ዓመታት የነበራቸው ስምምነት ከ2009 በኋላ ቀረ፤ ድንበር ላይ የሚኖሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ከአንድ ማስታወቂያ ወደ ሁለት ተሸጋገሩ።

አሠራሩን በቁጥር ብናየው ይቀላል። የሥራ ቦታው ግዛት ግብር 2,400 ዶላር፣ የመኖሪያው ግዛት በዚያው ደመወዝ ላይ የሚያሰላው 3,000 ዶላር ነው እንበል። ሠራተኛው 2,400ውን ለመጀመሪያው ይከፍላል፤ ሁለተኛው 2,400 ክሬዲት ሰጥቶ ቀሪውን 600 ይቀበላል። ቁጥሩን ብንገለብጠውስ? የሥራ ቦታው 3,000፣ የመኖሪያው 2,400 ቢሆን፣ የመኖሪያው ግዛት 2,400ውን ሙሉ ይተዋል፤ ተጨማሪውን 600 ግን ማንም አይመልስም። ክሬዲት የመኖሪያው ግዛት ራሱ ከሚያሰላው ግብር አይበልጥም። ባጭሩ ድንበር ተሻግሮ የሚሠራ ሰው ከሁለቱ የከበደውን ይከፍላል።

በዚህ ሂሳብ ቅደም ተከተል ዋጋ አለው። ነዋሪ ያልሆኑበትን ግዛት ማስታወቂያ መጀመሪያ መጨረስ ያስፈልጋል፤ የክሬዲቱ መነሻ እዚያ ማስታወቂያ ላይ በመጨረሻ የወጣው የግብር ዕዳ ነው። ከቼክ የተቆረጠው መጠን አይደለም። ከቼክ 3,100 ተቆርጦ ዕዳው 2,400 ሆኖ ከተገኘ፣ 700ው እዚያው ግዛት ይመለሳል፤ ክሬዲቱ የ2,400 ነው። የተቆረጠውን ቁጥር የሚጽፍ ሰው አንዱን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ያስመልሳል ማለት ነውና ሲደረስበት ይመልሳል።

የግዛቱ ደመወዝ በሚጻፍበት በሳጥን 16 ላይ የሚታየው ቁጥርም ሰው ያስደነግጣል። ኒው ዮርክ አሠሪዎች በፌዴራሉ ሳጥን የተጻፈውን ሙሉ ደመወዝ በእሷም መስመር ላይ እንዲጽፉ ታዛለች፤ ሠራተኛው ከዓመቱ የተወሰነውን ብቻ ኒው ዮርክ ቢሠራ እንኳ። በዚህ ምክንያት አንድ ደብሊው-2 ላይ ሁለት ግዛቶች ተጽፈው፣ ድምራቸው ከሳጥን 1 በልጦ ይገኛል። ደመወዙ አልጨመረም። ፌዴራሉ ሳጥን 1ን ብቻ ያያል፤ ለኒው ዮርክ ደግሞ በዚያ የተሠራባቸው ቀናት ከጠቅላላው የሥራ ቀናት ጋር ተነጻጽረው ድርሻው ይወጣል። ከ240 የሥራ ቀን 180ውን ኒው ዮርክ የሠራ ሰው የደመወዙን ሦስት አራተኛ ለኒው ዮርክ ያሳውቃል። የቀን መዝገብ መያዝ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ክሬዲት በቸርነት የሚሰጥ ነው ወይስ በግዴታ? ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ያደረሰችው ሜሪላንድ ናት። ሆዋርድ ካውንቲ የሚኖሩ ዊን የተባሉ ባልና ሚስት ድርሻ የያዙበት የጤና አገልግሎት ኩባንያ በ2006 በ39 ግዛቶች ግብር አስገብቶ ነበር። ሜሪላንድ ከግዛቱ ግብር ላይ ክሬዲት ሰጠቻቸው፤ ከካውንቲው ግብር ላይ ግን አይሆንም አለች። በሜይ 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ በሜሪላንድ ላይ ፈረደ። ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ የጻፉት ውሳኔ የተጠቀመበት መመዘኛ ለማንም የሚገባ ነው፦ ሁሉም ግዛት ይህንኑ የሜሪላንድን ሕግ ቢያወጣ፣ ድንበር ተሻግሮ ገቢ የሚያገኝ ሰው ከግዛቱ ሳይወጣ ያንኑ ያህል ከሚያገኝ ሰው የበለጠ ይከፍላል ወይ? የበለጠ የሚከፍል ከሆነ ሕጉ በግዛቶች መካከል የኬላ ቀረጥ ሆኗል ማለት ነው። በሐሳብ እምብዛም የማይገጥሙት ዳኞች ሩት ጊንስበርግና አንቶኒን ስካሊያ በተቃዋሚዎቹ ወገን አብረው መገኘታቸው ጉዳዩ ምን ያህል አከራካሪ እንደነበር ያሳያል። ከዚያ ወዲህ ዴላዌር የሚሠራ የሜሪላንድ ነዋሪ ክሬዲቱ ከካውንቲው ግብርም ላይ ይቀነስለታል። ክሬዲቱን የሚጠይቅበት 502ሲአር የሚባል ቅጽ አለ፤ የማያያዘው ሰው ምንም አያገኝም።

የገቢ ግብር የሌላቸው ግዛቶች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አላቸው። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ኔቫዳና ዋሽንግተን ግዛት ደመወዝ ላይ ግብር አይጥሉም፤ ዳላስን፣ ላስ ቬጋስንና ሲያትልን ለብዙ ወገኖቻችን ካስወደዱት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ነገር ግን ቫንኩቨር ዋሽንግተን እየኖረ ወንዙን ተሻግሮ ፖርትላንድ የሚሠራ ሰው ለኦሪገን ሙሉ ግብር ይከፍላል። ቤቱ ያለበት ግዛት ግብር ስለማትጠይቅ የምታቀናንሰው የላትም። ተገላቢጦሹን የሚኖር፣ ማለትም ፖርትላንድ እያደረ ቫንኩቨር የሚሠራ ሰው ከቼኩ ምንም ባይቆረጥም ኦሪገን ሁሉንም ትጠይቀዋለች። ነጻ የሚወጣው በዚያ የሚኖርም በዚያ የሚሠራም ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ መሥራትና መንገድ ላይ መሥራት

እስካሁን ሥራ የሚሠራበት ቦታ የታወቀ ነው ብለን ነበር የመጣነው። ቦታው ራሱ የሚያከራክርበት ጊዜም ግን አለ። ኤድዋርድ ዘሊንስኪ የተባሉ የሕግ መምህር ኮነቲከት እየኖሩ ማንሃታን ውስጥ ያስተምሩ ነበር፤ በሳምንቱ የተወሰኑ ቀናት ቤታቸው ተቀምጠው ይጽፋሉ፣ ፈተና ያርማሉ። ኒው ዮርክ ግን ቤት የሠራኸው አሠሪህ አስገድዶህ ሳይሆን አንተ ስለተመቸህ ከሆነ ቀኑን ኒው ዮርክ እንደዋልክ እቆጥረዋለሁ የሚል ሕግ አላት። ኮነቲከት በበኩሏ ቤትህ የሠራኸው እኔው ዘንድ ነው፣ ለዚያ ክሬዲት አልሰጥም አለች። መምህሩ በ2003 በኒው ዮርክ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ተሸነፉ፤ በአንድ ቀን ደመወዝ ሁለት ጊዜ ግብር መክፈል እውነት ሊሆን እንደሚችል ያረጋገጠ ጉዳይ ነው። በኮቪድ ጊዜ ደግሞ ማሳቹሴትስ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ቤታቸው ተቀምጠው የሚሠሩትን እንደ ቀድሞው ስታስከፍል፣ ደመወዝ ላይ ግብር የማትጥለው ኒው ሃምፕሸር በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሰቻት። ፍርድ ቤቱ በ2021 ክሱን ለማየት ፈቃደኛ አልሆነም። ስለዚህ ከቤቱ ሆኖ ለሌላ ግዛት ድርጅት የሚሠራ ሰው አለቃው ያለበትን ግዛት ሕግ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻላል፤ ከኒው ዮርክ ሌላ ፔንሲልቬኒያና ዴላዌርም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው።

የከባድ መኪና ሾፌር ግን እጅግ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። ከቤቱ ተነስቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሃያ ግዛት የሚያቋርጥ ሰው ለሃያውም ማስታወቂያ ያስገባ ቢባል ማንም መሪ አይጨብጥም ነበር። የፌዴራል ሕግ ይህን ዘግቶታል፦ በሁለትና ከዚያ በላይ ግዛቶች በመደበኛነት ለሚያሽከረክር የንግድ መኪና ሾፌር ደመወዝ ግብር መጠየቅ የሚችለው የሚኖርበት ግዛት ብቻ ነው። ስለዚህ የቴክሳስ ነዋሪ የሆነ ሾፌር ካሊፎርኒያን በየሳምንቱ ቢረግጥም ለግዛት የሚከፍለው የደመወዝ ግብር የለውም፤ የሜሪላንዱ ለሜሪላንድ ብቻ ይከፍላል። ድርጅቱ ያለበት ግዛት ግብር ከቆረጠበት በስህተት ነው፤ ያስመልሳል። ሕጉ የሚሠራው ለንግድ መኪና ነው፤ በግል መኪናው ኡበር የሚሠራ ሰው፣ ድንበር በቀን አሥር ጊዜ ቢሻገር እንኳ አይመለከተውም።

ነገር ግን «የሚኖርበት» ማለት መንጃ ፈቃዱ የወጣበት ማለት አይደለም። ቤተሰቡን አሌክሳንድሪያ አስቀምጦ ዳላስ ባለ የወንድሙ አድራሻ የሚጠቀም ሾፌር አውቃለሁ የሚል ሰው አይጠፋም። ቨርጂኒያ በዓመት ከ183 ቀን በላይ በግዛቷ ቤት ይዞ የኖረን ሰው፣ ቋሚ መኖሪያዬ ሌላ ነው ቢልም፣ ነዋሪ ብላ ትይዘዋለች። የቤት ኪራይ ውሉ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትና የባለቤቱ ሥራ ከመንጃ ፈቃድ የበለጠ ይመሰክራሉ። በዓመቱ መካከል በእርግጥ የተዛወረ ሰው ግን የሚፈራው ነገር የለም፤ ለሁለቱም ግዛቶች የከፊል ዓመት ማስታወቂያ ያቀርባል፣ እያንዳንዳቸውም በእነሱ ዘንድ በኖረበት ጊዜ ያገኘውን ይቆጥራሉ።

ያለፉት ዓመታት በስህተት የተሞሉ ከሆኑም ማስተካከል ይቻላል፤ ጊዜው ግን ለሁለቱ ወገን እኩል አይደለም። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ተመላሽ የሚጠየቅበትን ጊዜ በመሠረቱ በሦስት ዓመት ገድበዋል። በአምስተኛው ዓመት ደብሊው-2ውን ይዞ የመጣ የሜሪላንድ ሰው ቨርጂኒያ የወሰደችውን አያገኝም። ማስታወቂያ ያላስገባበት የሜሪላንድ ዓመት ግን የጊዜ ገደብ የለውም፤ ሜሪላንድ በአምስተኛውም በአሥረኛውም ዓመት ሙሉ ግብሩን ልትጠይቀው ትችላለች።